የዱርጋ በዓልና ጥምቀት ይመሳሰላሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የጎንደር አንባቢያችሁ ነኝ። የሕንዷ ቤንጋል ገጠር ሰዎች ስንት ቀን ያከበሯትን የሂንዱ ሴት አምላክ የዱርጋን ምስል ወንዝ ሲከቷት በቪዲዮ አየሁ። እንደ እኛ ጥምቀት ነው እንዴ?

መልስ፦ ውኃውና ከበሮው ያመሳስላቸዋል እንጂ አይደለም። እናንተ ጋ ታቦቱ ፋሲለደስ መዋኛ አድሮ በሆታ ይመለሳል። ዱርጋ ግን በዚያው ቀረች! ምስሏ በቀርከሃና በገለባ ላይ የተለሰነ ጭቃ ነው። በ10ኛው ቀን ያገቡ ሴቶች ግንባሯን ቀይ ዱቄት ቀብተው፣ እርስ በርስም ፊታቸውን እየተቀባቡ ይሸኟትና ጭቃው ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ለከርሞ አዲስ ይሠራል። ድሮ ድግሱ የባለርስቶች ነበር፤ በ1790 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጉፕቲፓራ በምትባል መንደር 12 ጓደኛሞች አዋጥተው ራሳቸው ደገሱ ይባላል። የእኛን ማኅበር አይመስልም? በዓሉ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይውላል።