ጥያቄና መልስ፦ ታምሜ ከቅዳሴ ርቄያለሁ፤ ጾሜና ጸሎቴ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶብኝ መድኃኒት ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለጊዜው ሰው ከሚበዛበት ቦታ ራቂ፣ ለብቻሽ ተኚ፣ እንቁላልና ወተት እንዳታጓድዪ ብላኛለች። ዐቢይ ጾም ደግሞ ገብቷል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። በአንዲት ክፍል ተዘግቼ ስውል ከቤተ ክርስቲያን የተባረርኩ ያህል ይሰማኛል። የአከራዬ ልጅም «እምነት ካለሽ ክኒኑን ተዪና ጸበል ግቢ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ከሁሉ አስቀድሞ ክኒኑን እንዳታቋርጪ። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ሳሉ ጋብ ሲል «ድኛለሁ» ብሎ መሐል ላይ የሚተወው ሰው፣ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። ሽንትሽ ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጪ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት የሚያመጣው ነው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከት ከበዛብሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያው ሂጂ።

ጸበልንና መድኃኒትን የሚያጣሉት ሰዎች እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጸበል ይጠመቁ ለነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ንጉሡ ሕዝቅያስንም አስቢው። ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰም። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማው፤ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን የምሥራች ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ነው። የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲለብጡለት ያዘዘውም ያው ኢሳይያስ ነው (ኢሳ. 38)። ነቢዩ ተአምሩን እየተናገረ መድኃኒቱን አልናቀም፤ እኛ ከእርሱ የበለጠ እምነት አለን ልንል ነው? ስለዚህ ጸበሉን አስመጥተሽ በቤትሽ ጠጪ፣ ተረጪም። ሰው ተደራርቦ በሚያድርበት አዳራሽ መግባቱ ግን አሁን ለአንቺም ለሌላውም አይበጅም።

«የተባረርኩ ያህል» ያልሽው ልቤን ነክቶታል፤ አልተባረርሽም። በኦሪቱ ካህኑ የቆዳ ደዌ የተጠረጠረበትን ሰው 7 ቀን ለብቻው ያስቀምጠው ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ግን ተመልሶ ያየዋል (ዘሌ. 13)። ነጻ ሆኖ ከተገኘም ወደ ወገኑ ይቀላቀላል። በቅዳሴ ጊዜ አጠገብሽ የሚቆሙትን አስቢያቸው፤ ለቁርባን ሕፃን ያዘለች እናት አለች፣ መቋሚያ የተደገፉ አሮጊት አሉ። ይህ በሽታ በሕፃናት ላይ ይከፋል። ለእነርሱ ብለሽ ከቤት መዋልሽ ራሱ ለእግዚአብሔር የምታቀርቢው ፍቅር ነው። ጊዜውም የተቆረጠ ነው፤ መድኃኒቱ ከሠራልሽ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል፤ መቼ እንደምትወጪ ነርሷን ጠይቂያት። እስከዚያ መስኮትሽን ክፈቺ፣ ሰው ሲመጣ ማስክ አድርጊ። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል ነው፤ በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ሳህንሽን ለብቻ ያስቀመጠ ቢኖር ይህን በእርጋታ አስረጂው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ዛሬውኑ ለነፍስ አባትሽ ደውዪና ሐኪም ያዘዘሽን አንድም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ሰውነቱን ሊጠግን የሚገባውን ሰው 55ቱን ቀን እንደ ጤነኛ ጹም ብላ አታስገድደውም። ሲፈቅዱልሽ እንቁላሉንም ወተቱንም ብዪ። ፈቃድ ከተቀበሉ በኋላ እያለቀሱ የሚጎርሱ ወይም ግማሹን ደብቀው የሚተዉ ብዙ እኅቶች አሉ። ይህ ትሕትና አይመስለኝም፤ ያዘዙሽን አባት አለማመን ነው። ስግደቱም ይቅርብሽ፣ አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ጸልዪ። መጾም ከፈለግሽ የሚጾም አንደበት አለሽ፤ ከአከራይሽ ልጅ ጀምሪ፣ ሳታውቅ ነው የተናገረችው፣ አትቀየሚያት።

ጠዋት ክኒኑን በእጅሽ ይዘሽ አማትቢ፣ አባታችን ሆይ ብለሽ ዋጪው፤ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። በ9 ሰዓት የጌታን ሞት አስበሽ አጭር ጸሎት አድርሺ፣ በረንዳ ካለሽም ፀሐይ ላይ ተቀመጪ። እሑድ ቅዳሴውን በስልክ ወይም በሬዲዮ ተከታተዪ፤ ሲደክምሽ ተቀምጠሽ ስሚ፣ ጌታ ድካምሽን ያውቃል። የዮሐንስ ራእይ የተጻፈው ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት በግዞት ሳለ በጌታ ቀን በመንፈስ ሆኖ ባየው ነው፤ በዚያች እሑድ እርሱም ከጉባኤ ርቆ ነበር። ከነርሷ ፈቃድ ስታገኚ ለመቁረብ ተዘጋጂ፤ የጠዋቱ ክኒን ከቁርባን ጾም ጋር እንዳይጋጭ ግን የክኒኑን ሰዓት በራስሽ አትቀይሪ፣ ነርሷንም ነፍስ አባትሽንም አማክሪ።

ብቸኝነት ሲጠና የጸሎት መጽሐፉም በእጅ ይከብዳል። እንዲያ ሲሆን እምነቴ ጠፋ አትበዪ፤ «አቤቱ ማረኝ» ማለት ይበቃል፤ ለምትወጃት ሰውም ደውዪ። እንቅልፍ ከራቀሽ፣ ተስፋ መቁረጥ ከመጣብሽ ይህንንም ለነርሷ ንገሪያት፤ መናገሩ ኃጢአት አይደለም። ከማኅበርሽ አባላትም ለምታምኛት አንዲቷ ሕመምሽን አሳውቂያት። ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ሲል የበሽታውን ዓይነት አልለየም፤ አጥሚት ይዛ ትምጣ፣ በግቢው ነፋስ በሚገባበት ቦታ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ተጫወቱ። የክርስትና ስምሽንም ስጫትና ለካህናቱ ታድርስልሽ፤ በቅዳሴ ውስጥ ስለ ሕሙማን ሲጸለይ ያስቡሽ።