ማስታወሻችሁን አደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት

ስልካችሁና ላፕቶፓችሁ በማስታወሻ እንደተሞላ እገምታለሁ። ከመጽሐፍ የተቀዳ አለ፣ ከስብሰባ የተያዘ አለ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል የተጫጫረ አለ። ይህን አርሞ ዌብሳይት ላይ ማውጣት፣ ዲጂታል ጋርደን መክፈት፣ ብዙዎቻችሁን እያጓጓ ነው። ደግ ነገር ነው። ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁና ስለ አርትዖቱ አንዳንድ ነገር ብነግራችሁ አትቀየሙኝ።

ጋርደን ውስጥ ጽሑፍ እንደ ዜና በቀን ተራ አይደረደርም። በሊንክ ይያያዛል። ዛሬ ሦስት መስመር የሆነው ገጽ የዛሬ ዓመት ሙሉ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ ሰነዶችን በሐሳብ ዝምድናቸው የሚያያይዝ መሣሪያ ምን ሊመስል እንደሚችል በ1945 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ዋርድ ከኒንግሃም ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዊኪ፣ ማለትም አንባቢዎች ራሳቸው ገጹን የሚያርሙበትን ድረ ገጽ፣ ለሕዝብ ከፈተ። እናንተ በብዛት የምትጠቅሱት ግን ጀርመናዊውን የሶሺዮሎጂ ምሁር ኒክላስ ሉማንን ነው። 90,000 ገደማ የወረቀት ካርዶችን በቁጥር እያያያዘ አስቀምጧል። አንድ ነገር ግን ይዘነጋል። ሉማን በሕይወት ሳለ ያሳተመው ካርዶቹን አልነበረም። ከካርዶቹ ተነሥቶ እንደገና የጻፋቸውን መጻሕፍትና መጣጥፎች ነው።

ነገሬም እዚህ ላይ ነው። ለራስ የተጻፈ ማስታወሻ ግማሹ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው። «ያኛው ምዕራፍ እዚህም ይሠራል» ብላችሁ ስትጽፉ ለእናንተ በቂ ነው። ለሌላው ሰው ባዶ ነው። የትኛው ምዕራፍ? የት ነው የሚሠራው? እንዲህ ያለውን ኮፒ አድርጎ ፔስት ማድረግ ማሳተም አይባልም።

ስለዚህ ከርእሱ ጀምሩ። «ስለ እንቅልፍ» የሚል ርእስ ምንም አይልም። «እንቅልፍ ማጣት የተማሩትን ያስረሳል» ብትሉት ግን አንድ ነገር ተናገራችሁ። ርእሱ አቋም ሲይዝ ከሥሩ ያለው ትርፍ ወሬ ራሱን ያጋልጣል። ያን ቁረጡት፤ ወይም የራሱን ገጽ ስጡትና በሊንክ አገናኙት። ስታገናኙም ለምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሩን። «ተመልከት» ብቻ ማለት አንባቢን በር ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የተቀዳው ነው። ከመጽሐፍ የገለበጣችሁት ዐረፍተ ነገር ትእምርተ ጥቅስ ከሌለው፣ ጊዜ ሲያልፍ የራሳችሁ ይመስላችኋል። ውሸታም ስለሆናችሁ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ስለምትረሱ ነው። ስትገለብጡ ወዲያው ጥቅሱን ክፈቱና ዝጉ፣ ደራሲውንና ገጹን ጻፉ። የራሳችሁን አስተያየት ከሥሩ ለብቻ አድርጉት። ምንጩን ማግኘት ያልቻላችሁት ጥቅስ ቢያምርም አይውጣ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ገልብጦ መለጠፍማ የቅጂ መብት ጉዳይም ያመጣል።

ሌላው የሰው ምስጢር ነው። ጓደኛ ያጫወታችሁ፣ ሐኪም የነገራችሁ፣ አለቃችሁ በስብሰባ ያመለጠው፣ ሁሉም ማስታወሻ ውስጥ ይገባል። ስም መደምሰስ ብቻውን አይበቃም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ባለቤቱን ይለየዋል። ስለዚህ የግሉንና የአደባባዩን ፎልደር ለዩ። ፈቃድ የሰጣችሁት ፋይል ብቻ የሚወጣበትን መንገድ ምረጡ፤ ያልከለከላችሁት ሁሉ የሚወጣበት መንገድ አንድ ቀን ጉድ ያፈላል። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ አጥፉለት። ፋይልን ከነለውጡ ታሪክ በሚያስቀምጠው ድረ ገጽ፣ በጊትሀብ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ስትሰርዙ የቀድሞው ቅጂ በታሪኩ ውስጥ እንደሚቀር እወቁ። ኢንተርኔት አርካይቭም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ ሲያከማች ኖሯል። ወጥቶ የዋለ ነገር ተመልሶ ላይገባ ይችላል።

መሣሪያውን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ጽሑፋችሁ በተራ ፋይል፣ በማርክዳውን (ርእስንና ሊንክን በተራ ምልክት በሚያሳይ አጻጻፍ) ይሁን፤ ኦብሲዲያን የተባለው የማስታወሻ ፕሮግራም ቢሰለቻችሁ በሌላ ፕሮግራም ትከፍቱታላችሁ። የገጹን ቀለም ሲቀያይሩ ከርመው አንድ መስመር ሳይጽፉ የቀሩ አይቻለሁ። አድራሻው ላይ ግን ተጠንቀቁ። በብዙ መሣሪያዎች የፋይሉ ስም የገጹ አድራሻ ይሆናል። ስሙን ስትቀይሩ ሰዎች የያዙት ሊንክ ይሞታል። የድር ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ በ1998 እ.ኤ.አ. የገጽ አድራሻ መቀያየር እንደሌለበት ሲመክር ይህንኑ ፈርቶ ነው። መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ አድርጉ።

ያልተጠናቀቀ ገጽ ማውጣት ነውር የለውም። «ጅምር» በሉት፣ መጨረሻ የነካችሁበትን ቀን ጻፉበት። «ጅምር» የሚለው ቃል ግን ለዝርክርክነት መሸፈኛ አይሁን። ሐሳቡ ጅምር ቢሆንም ዐረፍተ ነገሩ መጠናቀቅ አለበት። አቋማችሁ ከተቀየረም ገጹን ድምፅ አጥፍታችሁ አትከልሱ። ቀድሞ ምን እንዳላችሁና ምን እንደቀየራችሁ ከላይ አስፍሩ፤ የድሮውን አንብቦ ለሌላው ያስተላለፈ ሰው አለ።

መጀመሪያ የቱን እናውጣ ለምትሉኝ፣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋችሁን ጉዳይ ፈልጉ። መልሱ ማስታወሻችሁ ውስጥ ተበታትኖ ይኖራል። እሱን ሰብስባችሁ አርሙ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡ፣ የቆመበትን ቦታ አስተካክሉ፣ ከዚያ አውጡት። የጎብኚ ቆጣሪውን ለጊዜው ባትከፍቱት ይሻላል።