መብራት ሲመጣ ምርጫው አልቋል

ጥያቄ፦ ሰላም የዓምዱ አዘጋጆች። ሐኪም ነኝ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አባል የሆንኩበት የሙያ ማህበር ዘንድሮ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤውን በዙም አደረገው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር ምክንያቱም ሌላ ጊዜ መሀል ከተማ ሆቴል ድረስ ስሄድ ቅዳሜዬ በታክሲ ሰልፍ ነው የሚያልቀው። የመክፈቻ ንግግር፣ የእንግዳ ንግግር፣ ሪፖርት እያለ ሄደ ሄደና ልክ የቦርድ ምርጫው ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ዳታ ከፍቼ ደረጃው ላይ ወጥቼ (ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይይዝም) ስገባ "ሆስቱ እስኪያስገባዎት ይጠብቁ" የሚለው ላይ ቀረሁ። በስንት ጊዜ ሲያስገቡኝ ቻቱ ላይ "እንኳን ደስ አላችሁ" ይጎርፋል። እንደዚህ ዓይነት ምርጫ ይጸናል? ቅሬታ ባቀርብስ የስራ ባልደረቦቼ አይታዘቡኝም?
ዶ/ር ሰ.፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ የአንድ ሰው መስመር ስለተቋረጠ ብቻ ምርጫ አይፈርስም። አዳራሽ ውስጥ ቢሆንም ስልክ ለማንሳት የወጣ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፣ ድምፅ ሲሰጥ ምልዓተ ጉባኤው (ኮረም፣ ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት የአባል ቁጥር) ነበር ወይ? ጠዋት ሰብሳቢው "ኮረም ሞልቷል" ብለው የከፈቱት ስብሰባ ከሰዓታት ንግግር በኋላ ግማሹ ሰው ወጥቶ፣ ሌላው ሚዩት አድርጎ ወጥ እየሰራ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ በዙም ይሄ አይደበቅም፣ የከፈለ አካውንት ካላቸው ማን ስንት ሰዓት ገባ ስንት ሰዓት ወጣ የሚል ሪፖርት ከሲስተሙ ይወጣል። እሱንና ቃለ ጉባኤውን ይጠይቁ፣ አባል ስለሆኑ ነውር የለውም።

ሁለተኛ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥተው ያንብቡ። የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሙያ ማህበራትንም ይመለከታል፣ የማህበር የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ስንት ሰው ሲገኝ ነው ምልዓተ ጉባኤ የሚባለው፣ ድምፅ በምስጢር ነው ወይ፣ በውክልና ይቻላል ወይ የሚለውን ግን ደንባችሁ ላይ ነው የሚያገኙት። ብዙ ደንብ የተጻፈው ሰው ሁሉ አዳራሽ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። በ2012 ኮሮና መጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ሁሉም ወደ ዙም ሮጠ፣ ደንቡን ለማሻሻል ግን ያስታወሰ ጥቂት ነው። የናንተ ደንብ ስለ ኦንላይን ስብሰባ ምንም የማይል ከሆነ ከመስመር መቋረጡ ይልቅ ጠንካራው ቅሬታ እሱ ነው።

ቅሬታውን በቴሌግራም ግሩፕ አይጀምሩት፣ እዛ ከተጀመረ ወደ ስድብ ነው የሚሄደው። ለቦርዱ ወይም አስመራጭ ኮሚቴ ካለ ለሱ በደብዳቤ ይጻፉ፣ የተቋረጠበትን ሰዓት፣ ተመልሰው የገቡበትን፣ መጠበቂያው ላይ የቆሙበትን ስክሪንሾት ካለ ያያይዙ። መልስ ካጡ ሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን አለ፣ ግን መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ይለቅ። የሚታዘብዎት ሰው ካለም እሱም የተቆረጠበት ቀን ያመሰግንዎታል።

የኔን ሀሳብ ከጠየቁኝ ደግሞ ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አይደለም፣ የአጀንዳው ቅደም ተከተል ነው። ምርጫን ከሁሉም መጨረሻ ማድረግ ያዳራሽ ልማድ ነው፣ ምሳ ስላለ ሰው አይሄድም ነበር። ኦንላይን ላይ ምሳ የለም! ምርጫው ቀድሞ ንግግሩ ቢከተል ምን ይጎድላል? ከዚያም የተሻለው ድምፅ መስጫውን ከዙም አውጥቶ ለያንዳንዱ አባል በአባልነት ቁጥሩ ሊንክ ልኮ እስከ ማግስቱ ማታ ክፍት መተው ነው። ዙም ላይ "እጅ አውጡ" ሲባል ማን ማንን እንደመረጠ አለቃውም ያያል። ደግሞ ባልና ሚስት ሁለቱም ሐኪም ሆነው ባንድ ስልክ የሚከታተሉ ስንት አሉ፣ ሁለት አባል አንድ ድምፅ ሆኖ ይቆጠራል።

እስከዚያው እርስዎ በኩል፦ መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ ወዲያው ነው የሚሞተው፣ የስልክ ታወር ግን ባትሪ ስላለው ትንሽ ይቆያል፣ ስለዚህ ዳታ ቀድመው ይግዙ፣ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ሁለቱም ስልክዎ ላይ ቢኖር አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዛል። ቪዲዮ ተከፍቶ በሰዓት አንድ ጊጋ አካባቢ ሊበላ ይችላል፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን መቶ ሜጋም አይሞላም። ሪፖርቱንና ኦዲቱን በፒዲኤፍ አስቀድመው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፣ ስላይድ ሲነበብላችሁ ዳታ አታቃጥሉ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ በማህበራችን የዙም ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሙሉ ቀን ተገኝቻለሁ፣ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ይያዝልኛል?
ከሱሉልታ

መልስ፦ ስብሰባ በመገኘት ብቻ አይያዝም። ሪፖርት መስማትና መምረጥ ትምህርት አይደለም። በዚያው ቀን እውቅና ያለው የሲፒዲ ስልጠና ከነበረና ሲኢዩው (የስልጠናው ነጥብ) የተጻፈበት ሰርተፍኬት ከተሰጠሽ ግን ያ ይያዛል። ሰርተፍኬት ሳይሉሽ ስምሽን ቻት ላይ ጻፊ ብቻ ካሉሽ የመገኘት መዝገብ ነው፣ ሌላ አትጠብቂበት እህቴ።

ጥያቄ፦ የማህበራችን የዙም ስብሰባ መጥሪያ ላይ 2:00 ይላል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብገባ ማንም የለም። ተሰረዘ እንዴ?
ከለገጣፎ

መልስ፦ አልተሰረዘም ወንድሜ፣ ዙም የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከኛ ጋር ስድስት ሰዓት ይለያያል። ከጎኑ ፒኤም ካለ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ኤኤም ካለ ግን ከሌሊቱ ስምንት ስለሚሆን ሞልቶ የላከው ሰው ተሳስቷል፣ ደውልላቸው። ከሰዓት በኋላ የሚያደርጉት ደግሞ ውጭ ላሉት አባላት ብለው ይሆናል፣ እዚህ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ይነጋል፣ በነሱ በጋ ከጠዋቱ አንድ፣ በክረምታቸው አስራ ሁለት ሰዓት ነው።