ዕቃን በፕሮብ መቅዳት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በትንሽ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) ላይ ፕሮብ፣ ማለትም ዕቃን ሲነካ ምልክት የሚሰጥ መለኪያ ገጥሞ፣ የአንድን ዕቃ ቅርጽ ነጥብ በነጥብ እየነኩ ወደ ኮምፒውተር ስለ ማስገባት ብዙ ጠይቃችኋል። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፕሮብ የፋብሪካ ዕቃ አይደለም እንዴ? የቤት ማሽን ላይ ይሠራል?

መልስ፦ መነሻው እውነትም ፋብሪካ ነው። ዴቪድ ማክመርትሪ የሮልስ ሮይስ መሐንዲስ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የኮንኮርድን ሞተር ቀጫጭን የነዳጅ ቱቦዎች ለመለካት ፈጠሩት። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለው ዘንግ ሦስት እግሮች አሉት። እያንዳንዱ እግር በስፕሪንግ ተጭኖ ሁለት ኳሶች መካከል ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪኩም በእነሱ በኩል ያልፋል። ጫፉ ዕቃውን ሲነካ አንዱ እግር ብድግ ይላል፣ ሰርኪቱ ይቋረጣል፣ ማሽኑ ይቆማል። ጫፉ ሲለቅ ስፕሪንጉ እግሩን መልሶ እዚያው ያስቀምጠዋል።

የብዙዎቻችሁ ማሽን የሚሠራበት ግርብል የተባለው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርም የመንካት ትእዛዙን ያውቀዋል። ጂ38.2 ሲሰጠው እስኪነካ ይወርዳል፣ ሲነካ ይቆማል፣ የነካበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ ይልካል። ስለዚህ አዎ፣ ይሠራል። ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት የስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) ሶኬት ንቀሉ። ፕሮብ ታስሮ ስፒንድል ከዞረ ፕሮቡ አለቀለት።

ጥያቄ፦ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ እንደ ርምጃው ነው። በየ1 ሚሊ ሜትሩ ከነካችሁ 10,201 ነጥብ ይሆናል። ለአንድ ነጥብ 3 ሰከንድ ብንይዝ ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ርምጃውን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስታወርዱት 40,401 ነጥብ ይደርሳል፤ ከ33 ሰዓት በላይ! በ2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። የኔ ምክር መጀመሪያ ሁሉንም በ2 ሚሊ ሜትር መንካት ነው። ከዚያ ዝርዝር ያለበትን ቦታ ብቻ ለይታችሁ በጠበበ ርምጃ ንኩት። ሜዳውን በግማሽ ሚሊ ሜትር መንካት ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ቄስ የነበሩት አያቴ የእንጨት የእጅ መስቀል ትተውልናል። ለወንድሞቼ ቅጂ ልሠራላቸው ብዬ በፕሮብ ቀዳሁት። የወጣው ግን ከዋናው ወፈር ያለ ነው፤ የሐረጉ ጠርዝም ተድበስብሷል። ፕሮቡ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፕሮብዎ ደህና ነው። ማሽኑ የመዘገበው የዕቃውን ገጽ ሳይሆን የኳሱን መሃል ነው። ኳሱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ መሃሉ ከገጹ ሁልጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ሜዳ ላይ ችግር የለውም፤ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ቀንሰው ይገላገላሉ። ተዳፋት ላይ ግን ኳሱ የሚነካው በጎኑ ነው እንጂ በታቹ አይደለም። 45 ዲግሪ ያዘነበለ ገጽ ላይ ወደ ታች ብቻ ከቀነሱ 0.41 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይቀራል። የሐረጉ ግራና ቀኝ ሁሉ ተዳፋት ስለሆነ ውፍረቱ የመጣው ከዚያ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በሶፍትዌር ነው። ገጹ በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ወዴት እንደሚያዘነብል ከጎረቤት ነጥቦች ይሰላል፤ ከዚያ ነጥቡ በዚያው አቅጣጫ የኳሱን ራዲየስ ያህል ወደ ውስጥ ይገፋል። ሁለተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፦ ከፕሮቡ ኳስ ጋር እኩል የሆነ ክብ ጫፍ መቁረጫ ይጠቀሙ። በ3 ሚሊ ሜትር ኳስ ነክተው በ3 ሚሊ ሜትር ክብ ጫፍ ከቆረጡ፣ የኳሱ መሃል የሄደበት መንገድ ራሱ የመቁረጫው መንገድ ነው። ምንም ስሌት አያስፈልግም፤ ዜድን (የከፍታውን መነሻ) አንዴ ማስተካከል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አይጠብቁ። ከኳሱ የጠበበ ቦይ ውስጥ ኳሱ አይገባም። የሐረጉ ቀጫጭን መስመሮች በትልቅ ኳስ አይያዙም፤ ለእነሱ 1 ሚሊ ሜትር ኳስ ይግጠሙና ቀስ ብለው ይንኩ። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ በፍጥነት ከነካ ይታጠፋል።

እባክዎ ለመስቀሉ ይጠንቀቁለት። በብሎን አይሰሩት፤ በስፖንጅ ደግፈው ጎንና ጎኑን ይያዙት። እንጨቱ አርጅቶ ከለሰለሰ ፕሮቡ ነጥብ ነጥብ ምልክት ሊተውበት ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ይሞክሩ። ምልክት ከታየ ይተዉት፤ ቅጂ ለማውጣት ዋናውን መጉዳት አይገባም።

ጥያቄ፦ ጀበናስ?

መልስ፦ በዚህ መንገድ ይቸግራል። ፕሮቡ ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሚነካ ከሆዷ በታች ያለውን፣ የጆሮዋንም ውስጥ አያገኘውም። ዙሪያዋን በስልክ ብዙ ፎቶ አንስታችሁ በሶፍትዌር ማገጣጠም ይሻላል። እንደ መስታወትና የሚያብረቀርቅ ብረት ያለው ግን ፎቶን ያስቸግራል፤ እዚያ ላይ ፕሮብ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ፕሮቡ ምንም ሳይነካ አየር ላይ "ነካሁ" ይላል።

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ከሞተሮቹ ሽቦ የሚመጣ ረብሻ ነው። የፕሮቡን ገመድ ከሞተርና ከስፒንድል ገመድ አርቁት፣ ረብሻ የሚከላከል የብረት መረብ ሽፋን ያለው ገመድ ተጠቀሙ፣ ገመዱ ወደ መቆጣጠሪያው በሚገባበት ላይም ረብሻውን የሚያጣራ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። ገና ሳይነሳ አላርም 4 የሚል ከሆነ ግን ግርብል ፕሮቡ ነክቷል ብሎ እያሰበ ነው። ሲነካ የሚቋረጥ ፕሮብ ከሆነ፣ የግርብልን የፕሮብ ቅንብር $6=1 አድርጉት። ይህ ዓይነቱ ፕሮብ ገመዱ ቢበጠስም ማሽኑ አልሄድም ብሎ ይቆማል። ሲነካ የሚገናኘው ግን ገመዱ ከተበጠሰ ዝም ብሎ ዕቃው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

መልስ፦ የስምንት ሰዓት ሥራ ላይ ይህን ከወዲሁ ማሰብ ግድ ነው። ነጥቦቹን እስከ መጨረሻው ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ አታቆዩ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ወዲያው ፋይል ላይ ይጻፍ። ዕቃውንም በየረድፉ ከፋፍላችሁ ንኩ። ከዕቃው አጠገብ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ ብረት አጥብቃችሁ እሰሩና ከመጀመራችሁ በፊት ጠርዞቹን ነክታችሁ መዝግቡ። መብራት ሲመጣ ማሽኑን ሆም አድርጉ (ወደ መነሻ ቦታው መልሱት)፣ ያንኑ ብረት መልሳችሁ ንኩ፣ ልዩነቱን አስተካክላችሁ ቀጥሉ። የተቋረጠውን ረድፍ ግን ጥላችሁ እንደገና ጀምሩት፤ የመጨረሻዎቹ ነጥቦች አይታመኑም።