አውቶቡሱ የማን ነው? ስለ ዋሽንግተን አካባቢ አውቶቡሶች ጥያቄና መልስ

ሜትሮባስ የሚባሉት የዋሽንግተን አካባቢ አውቶቡሶች የመስመር ስማቸውን ከቀየሩበት ከጁን 2025 ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መስመርና ስለ ፌርማታ ሆነዋል። ቀደም ሲል ስለ ግብርና ስለ መንጃ ፈቃድ ይጠይቁ የነበሩ አንባቢያን ሳይቀሩ «የኔ አውቶቡስ የት ሄደ?» እያሉ ጽፈዋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬ፣ እነሆ መልሳቸውን አቅርቤአለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባቡር ጣቢያው ሥር ካለው መናኸሪያ በአንደኛው አውቶቡስ ስሳፈር ሹፌሩ ክፍያ የለም ብሎ በእጁ ያሳልፈኛል፤ በሌላኛው ግን ካርድ አስነክቼ እከፍላለሁ። ሁለቱም የመንግሥት አይደሉም ወይ? (አንዲት እናት)

ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ የአንድ መንግሥት ግን አይደሉም። ነጻው ራይድ ኦን ይባላል፤ ከ1975 ጀምሮ የሚያስተዳድረው በሜሪላንድ ያለው የአካባቢ አስተዳደር ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሲሆን፣ ካውንቲው ከጁን 29 ቀን 2025 ጀምሮ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ አንስቶታል። የሚከፈልበት ሜትሮባስ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተዋውለው ያቋቋሙት፣ በተለምዶ ሜትሮ የሚባለው የጋራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ንብረት ነው። የሜትሮባስ ሒሳብ ከጁን 2024 ጀምሮ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሰዎችም ይህንኑ ያያሉ፤ የከተማዋ የራሷ አውቶቡስ ዳሽ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ያለ ክፍያ ያሳፍራል፣ በዚያው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሜትሮባስ ግን ያስከፍላል። ዲሲም በ2022 መጨረሻ በከተማዋ ክልል ውስጥ ሜትሮባስ ነጻ እንዲሆን በምክር ቤቷ በኩል ወስና ነበር፤ ሆኖም ገንዘቡ ስላልተገኘ ውሳኔው በወረቀት ላይ ቀረ። ስለዚህ ከመሳፈርዎ በፊት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡሱ ጎን ላይ የተጻፈውን ስም ይመልከቱ። ጉዞዎ በአመዛኙ በካውንቲው ውስጥ ከሆነ ራይድ ኦን ይበቃዎታል፣ ወደ ዲሲ እምብርት የሚወርዱ ከሆነ ግን ካርድዎን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ታክሲ በምነዳበት ዘመን አንድ አዛውንት ተሳፋሪ «ድሮ ሜትሮ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አውቶቡሱ ሁሉ የአንድ ባለሀብት ነበር» ብለውኝ ነበር። እውነት ነው ወይስ ጨዋታ? (ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር፣ አሌክሳንድሪያ)

ብዙው እውነት ነው፤ ታሪኩም እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም። ከ1933 ጀምሮ የዲሲን ትራሞችና አውቶቡሶች ያንቀሳቅስ የነበረው ካፒታል ትራንዚት የተባለ የግል ኩባንያ ነበር። በ1949 ሉዊስ ዎልፍሰን የተባለ የፍሎሪዳ ባለሀብት ኩባንያውን ተቆጣጠረና ለዓመታት የተጠራቀመውን የመጠባበቂያ ገንዘብ እንደ ትርፍ ድርሻ ለባለ አክሲዮኖች አከፋፈለው። ካዝናው ሲራቆት ኩባንያው የታሪፍ ጭማሪ ጠየቀ፤ ለሠራተኞቹ ግን ደመወዝ ለመጨመር አሻፈረኝ አለ። በጁላይ 1955 ሹፌሮቹ ሥራ አቆሙ፤ ከተማዋም በዚያ ሙቀት ለሰባት ሳምንታት ያህል ያለ ትራምና ያለ አውቶቡስ ከረመች። ያን ጊዜ ዲሲ የተመረጠ ከንቲባም ሆነ ምክር ቤት ስላልነበራት የኩባንያውን ፈቃድ የነጠቀው የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ ይኸው ኩባንያ እስከዚያው እስከ 1955 ድረስ አንድም ጥቁር ሹፌር ቀጥሮ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ የሜትሮባስ መሪ ከጨበጡት ብዙዎቹ ጥቁሮች መሆናቸውን ለሚያይ ሰው ይህ ሩቅ ዘመን ይመስለዋል እንጂ የአባቶቻችን ዕድሜ ነው።

በ1956 ፈቃዱ የተሰጠው ሮይ ቾክ ለተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ ሲሆን፣ የኩባንያውም ስም ዲሲ ትራንዚት ሆነ። ፈቃዱ ትራሞቹን አንስቶ በአውቶቡስ የመተካት ግዴታ ነበረበት፤ የመጨረሻው ትራም በጃንዋሪ 28 ቀን 1962 ቆመ። አዛውንቱ «የአንድ ባለሀብት» ያሉት ይህን ሰው ይመስለኛል። ቾክም ከጊዜ በኋላ ታሪፍ ይጨመርልኝ ማለት አበዛ። በጃንዋሪ 1966 የአምስት ሳንቲም ጭማሪ ሲጠይቅ፣ ያኔ ገና ወጣት የመብት ታጋይ የነበረው ማሪዮን ባሪ የአንድ ቀን አድማ አስተባበረ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግርና በሰው መኪና ሥራቸው ገቡ፣ ጭማሪውም ተከለከለ። ባሪ በኋላ አራት ጊዜ የዲሲ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው ያው ሰው ነው፤ በከተማዋ መጀመሪያ ስሙ የገነነው በአውቶቡስ ሳንቲም ምክንያት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዛውንቱ የተሳሳቱት «ሁሉ» በማለታቸው ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በኩል የሚሠሩ ሌሎች ኩባንያዎችም ነበሩ፤ ሁሉም ተሳፋሪ እየቀነሰባቸውና አውቶቡሶቻቸው እያረጁባቸው ሄዱ። ኮንግረስ በ1972 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የመሬት ውስጥ ባቡር ለመሥራት ተቋቁሞ የነበረው የጋራ ባለሥልጣን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 1973 አራቱን ኩባንያዎች ጠቅልሎ ያዘ። ሜትሮባስ ማለት እንግዲህ የአራት ኩባንያዎች ጥርቅም ነው፤ ባቡሩ የተከፈተው በማርች 1976 ስለሆነ አውቶቡሱ ለባቡሩ የሦስት ዓመት ታላቅ ወንድሙ ነው። የካፒታሊዝም መዲና አውቶቡሶቿን ወደ ሕዝብ ንብረትነት ያዛወረችው ደርግ አንበሳ አውቶቡስን ከመውረሱ በፊት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እርግጥ እዚህ ባለንብረቶቹ ካሳ ተከፍሏቸዋል።

ጥያቄ፦ በጆርጂያ አቬኑ ለ20 ዓመት የተሳፈርኩበት 70 ቁጥር ጠፋ። ሰባ የሚለውን ምን አደረገባቸው? (የዲሲ ነዋሪ)

ሰባዎ አልጠፋም፤ ዲ40 ተብሏል። በኤች ስትሪት ይሄድ የነበረው ኤክስ2 ደግሞ ዲ20 ሆኗል። በጁን 29 ቀን 2025 የተደረገው ለውጥ ሜትሮባስ ከተቋቋመ ወዲህ የመስመር ካርታው በሙሉ ከሥሩ የተከለሰበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

የድሮው አሰያየም ከአራቱ ኩባንያዎች እንዳለ የተወረሰ ስለነበር ለባዕድ ሰው እንቆቅልሽ ነበር። እንደ 42፣ 52፣ 70 እና 90 ያሉት ቁጥሮች የትራም መስመሮች ቁጥሮች ናቸው፤ እርስዎም ለ20 ዓመት የተሳፈሩት ሐዲዱ በተነቀለ የትራም መስመር ላይ ነበር ማለት ነው። እንደ 16ኤ ቁጥር ቀድሞ ፊደል ከተከተለ ደግሞ መስመሩ የቨርጂኒያ ነበር። አሁን ፊደሉ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ትርጉምም አለው። ዲ ወደ ዲሲ መሐል ከተማ የሚወስድ፣ ሲ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ኤም የሞንትጎመሪ፣ ፒ የፕሪንስ ጆርጅስ፣ ኤ የአርሊንግተንና የአሌክሳንድሪያ፣ ኤፍ የፌርፋክስና የፎልስ ቸርች ነው። በስሙ መጨረሻ ኤክስ ካለበት በየፌርማታው አይቆምም፤ እጅዎን አውጥተው ቢያውለበልቡም አልፎዎት ሊሄድ ስለሚችል ይጠንቀቁ። እጅግ ተቀራርበው የነበሩ አንዳንድ ፌርማታዎችም ተነሥተዋል፤ ይህ ጉዞውን እንደሚያፋጥን ባምንም፣ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው አንድ ብሎክ አንድ ብሎክ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተዋል፤ ካርድ አያውቁም። በጥሬ ገንዘብ ቢከፍሉ መልስ ይሰጣቸዋል?

አይሰጣቸውም። ገንዘቡን የሚቀበለው ከሹፌሩ ጎን የቆመው ሣጥን ነው፤ አምስት ዶላር ቢከቱበት አምስቱንም ይውጣል፣ ሹፌሩም ሊመልስ የሚችለው ነገር በእጁ የለም። እንደ አገራችን መልስ ከኋላ የሚያቀብል ረዳት እዚህ እንደሌለ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ የወረቀት ማዛወሪያ ትኬት ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ቀርቷል፤ በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ሁለተኛ አውቶቡስ ሲይዝ እንደ አዲስ ይከፍላል። ስማርትሪፕ የሚባለው ካርድ 2 ዶላር ያወጣል፤ ካርዱን ያስነካ ሰው ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አውቶቡስ ቢሸጋገር በነጻ ነው፣ ወደ ባቡር ቢሸጋገርም የአውቶቡሱ ሒሳብ ይቀነስለታል። እናትዎ ዕድሜያቸው 65 ከሞላ የአዛውንቶችን ካርድ አውጥተው በግማሽ ዋጋ መሄድ ይችላሉ። ስናፕ የሚባለውን የምግብ ድጋፍ የሚያገኙ ነዋሪዎችም በግማሽ ዋጋ ለመሄድ ማመልከት ይችላሉ፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ወገኖች ስላሉ ለሰው ያሰሙ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዶላር ታስኬደን የነበረችው ቀይዋ አውቶቡስስ?

ዲሲ ሰርኩሌተር ነበረች። የዲሲ ከተማ ራሷ ከ2005 ጀምሮ ታሠራት ነበር፤ በዲሴምበር 31 ቀን 2024 አገልግሎቷ አበቃ። ከርቀት ስትመጣ አንበሳ አውቶቡስን ታስታውሰኝ ስለነበር ጥያቄውን ሳነብ ከፋኝ።

ጥያቄ፦ ወደ ዳለስ አየር ማረፊያ የሚወስደው 5ኤ የለም ይሉኛል። ዘመድ ለመቀበል ያለ መኪና እንዴት ልሂድ?

አውቶቡሱ የቀረው የሲልቨር ላይን ባቡር በኖቬምበር 15 ቀን 2022 እስከ አየር ማረፊያው ድረስ ስለተዘረጋ ነው። አውቶቡሱ 7 ዶላር ከ50 ያስከፍል ነበር፤ ባቡሩ ቅዳሜና እሑድ ከ2 ዶላር ከ50 አይበልጥም። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ግን፣ በርበሬውንና ሽሮውን ጨምሮ ማለቴ ነው፣ መኪና ያለው ሰው ቢለምኑ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ የሜትሮ በጀት ሲነሣ ሦስቱ መንግሥታት ይጨቃጨቃሉ። ከኛ የሚሰበሰበው ሒሳብ አይበቃም ወይ?

ለመብቃት ሩቅ ነው። ባለሥልጣኑ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ የጎደለውን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በቀመር ተካፍለው ያዋጣሉ። በቦርዱም ሦስቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አባላት ሲኖራቸው የፌዴራሉ መንግሥት ሌላ ሁለት ይሾማል። በ2018 ለጥገናና ለአዳዲስ ዕቃዎች የሚውል በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት ለመመደብ ተስማሙ፤ ለሹፌር ደመወዝና ለነዳጅ የሚወጣው የዕለት ተዕለት ወጪ ግን ዛሬም በየዓመቱ በሦስት ምክር ቤቶች ደጅ ይጠናል።

የመጀመሪያዋን ጠያቂያችንን ግራ ያጋባው ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። በቀመሩ መሠረት በአንድ ካውንቲ ውስጥ ብቻ የሚዞርን መስመር ወጪ የሚሸፍነው ያው ካውንቲ ነው። «ወጪው የኔ ከሆነ በራሴ አውቶቡስና በራሴ ደመወዝ ባሠራው ይረክስልኛል» ብሎ አስቀድሞ ያሰበው ሞንትጎመሪ ነበር፤ በቨርጂኒያ በኩል አሌክሳንድሪያ በ1984፣ ፌርፋክስ በ1985፣ አርሊንግተንም በ1998 ተከተሉ። በ1973 አራት ኩባንያ ወደ አንድ ተሰበሰበ ያልነው አውቶቡስ እንዲህ እንደገና ተበተነ። እኔ ይህን ሙሉ በሙሉ ጥፋት ነው አልልም፤ አንድ ድርጅት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳሽም ሆነ ራይድ ኦን ነጻ ለመሆን የሦስት መንግሥታትን ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። የአውቶቡስ መረጃ በአማርኛ ይገኛል ወይ?

በከፊል። በዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ይህ ሕግ የሚያስገድደው ግን የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ነው። ሜትሮን የሚመለከተው በዘርና በትውልድ አገር መድሎ የሚከለክለው የ1964ቱ የፌዴራል የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹንም በአማርኛ ያወጣል። ለአባትዎ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅማቸው አንድ ቁጥር ነው፦ በየሜትሮባስ ፌርማታው ምልክት ላይ ባለ ሰባት አሐዝ መለያ አለ። የቤታቸውንና የሚሄዱበትን ፌርማታ መለያዎች በአማርኛ ስማቸው ሥር ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ይክተቱላቸው፤ ቢጠፋባቸው የትኛውም ሰው በስልክ አስገብቶ አውቶቡሱ መቼ እንደሚደርስ ይነግራቸዋል፣ እርስዎም ከሥራ ቦታዎ ሆነው የት እንደቆሙ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ነጠላዬን አውቶቡስ ውስጥ ረስቼ ወረድኩ። አገኘዋለሁ?

መጀመሪያ የማን አውቶቡስ እንደነበረ ያስታውሱ፤ ራይድ ኦን ላይ የረሱትን ሜትሮ አያውቀውም። ከዚያ የመስመሩን ስም፣ ወደ የት አቅጣጫ ይሄድ እንደነበረና የወረዱበትን ሰዓት ይንገሯቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ከሹፌሩ በላይ በውስጥ በኩል የሚጻፈው የአውቶቡሱ የራሱ ቁጥር ነው፤ ከመስመሩ ስም ጋር እንዳይምታታብዎት። ቁጥሩን ካላዩት በካርዱ የከፈሉበት ሰዓት ከስማርትሪፕ ሒሳብዎ ላይ ስለሚታይ እሱን ይዘው ይደውሉ። ነጠላ ሲሉም አይረዱዎትም፤ «ነጭ፣ ጥለት ያለው ሰፊ የአንገት ልብስ» ይበሏቸው።