ማሽኑ ኮድ አሳየ ማለት ዕቃ ግዙ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቼክ ኢንጅን መብራትና ስለሚያንገራግር ሞተር ናቸው። ማሽን የምለው መኪናው ላይ ተሰክቶ ኮዱን፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ያስቀመጠውን የብልሽት ቁጥር፣ የሚያነበውን ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ ነው የማቀርበው፣ አንዱ ላይ ግን ረዘም እላለሁ ምክንያቱም ሰው በከንቱ ብሩን እየጨረሰ ነው።

ባትሪ ነቅዬ ብመልሰው ኮዱ ይጠፋል ወይ?

ብዙ መኪና ላይ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን እዛው ነው፤ ከመንቀልህ በፊት ኮዱን ወረቀት ላይ ጻፈው።

አንዲት እህት ከደብረ ብርሃን የጻፈችው ደግሞ ይሄ ነው። የቆየች የቤንዚን ፒክአፕ አለቻት፣ ቆማ ስትሰራ ትንቀጠቀጣለች፣ መብራቱም በርቷል። ማሽን ላይ ፒ 0171 እና ፒ 0300 አሳየ። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር አስቀየሯት፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዛ ካንዴላ፣ ከዛ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ያው ነው። አሁን ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፣ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደሽ ፈልጊ ብለዋታል።

እህቴ፣ በፈጠረሽ ኮምፒውተር እንዳትገዢ። እስኪ ኮዶቹ ያሉትን ብቻ እንያቸው። ፒ 0300 ሲሊንደሮቹ ሚስ እያደረጉ (ነዳጁን በትክክል ሳያቃጥሉ እየዘለሉ) ነው፣ አንዱ ተለይቶ ግን አይደለም ነው የሚለው፤ አንዱ ብቻ ቢሆን 0301 ወይ 0302 እያለ በቁጥሩ ይነግራችሁ ነበር። ፒ 0171 ደግሞ ለሚገባው አየር ነዳጁ አነሰ ነው ያለው። ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሽቷል የሚል ነገር የትም የለም እኮ! ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው፣ እውነቱን የተናገረ ምስክር ነው ያባረሩት።

መንቀጥቀጡ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጫት ቆማ ስትሰራ) ብሶ ነዳጅ ስትሰጫት የሚስተካከል ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር ነው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን እጥፋት እጥፋት ያለውን ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእጅሽ አጠፍ አድርጊና እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ከፈት እያደረግሽ ከስር በኩል እዪው። ከላይ ደህና የሚመስለው ጎማ ከስር ተሰንጥቆ ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ይይዛል። ከዛ ቀጫጭኖቹን የቫኪዩም ቱቦዎች ጫፍ ጫፋቸውን ጫን አድርጊ፣ ድርቅ ብሎ እምቢ የሚል ካለ እሱ ነው ተጠርጣሪው፤ ቱቦ መቀየር ደግሞ ከሴንሰር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ማሽን ይዞ ለሚመጣው ልጅ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ፉኤል ትሪም የሚለውን ቁጥር አሳየኝ በይው፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ሎንግ ተርሙ (የረጅም ጊዜው) በፕላስም በማይነስም ከ10 ፐርሰንት ካላለፈ ብዙም አያሳስብም። ቆማ ስትሰራ ፕላስ 20 እና ከዛ በላይ ሆኖ 2,500 ዙር ላይ ስትያዝ ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር ነው። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ቆማ ደህና ሆና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጪ የምትብስ ከሆነ ግን ወደ ነዳጅ ፊልትሮ፣ ወደ ነዳጅ ፓምፕ ወይም ወደቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ነው የሚወስደው።

መካኒኮቻችን በእጃቸው ስንት ተአምር እንደሚሰሩ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ግን ኮድ አንብቦ ወዲያው ዕቃ ማዘዝ ምርመራ አይባልም። ቀጣዩን ዕቃ ግዢ ሲሉሽ ምን ለክታችሁ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ መልስ ከሌላቸው መኪናሽን ይዘሽ ውጪ።

ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የማፕ ሴንሰሩ (የአየር ግፊት መለኪያው) 72 ያሳያል፣ 100 መሆን ስላለበት ሞቷል አሉኝ (ይሄም ከደብረ ብርሃን)።

አልሞተም። 100 ኪሎ ፓስካል የባህር ዳርቻ ቁጥር ነው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ራሱ 72 ገደማ ነው፣ ሴንሰርህ ልክ ነው ያነበበው። ካላመንክ ማሽኑን ይዘህ ሸዋ ሮቢት ውረድ፣ እዛ 87 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። እዛው ተራራ ላይ 100 ቢያሳይህ ነበር የምትጠራጠረው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚህ ከፍታ ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ ቆላ ላይ እንዲህ አልነበረችም የሚለው ቅሬታ ሁሉ ብልሽት አይደለም።

አሮጌ የቤንዚን ሃይሉክስ ነው ያለኝ፣ ማሽን የሚሰካበት ቦታ የለውም።

አሁን ሁሉም የሚሰካበት ሶኬት አሜሪካ ውስጥ እንኳን ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው (በፈረንጅ)። ያንተ ኢንጀክሽን ከሆነ (ካርቡራተር ካልሆነ) ኮፈኑ ስር ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልግ። ቲ ኢ 1 እና ኢ 1 የሚሉትን በሽቦ አገናኝና ሞተር ሳታስነሳ ቁልፍ ክፈት፣ ከዛ የቼክ ኢንጅን መብራቱን ቁጠር። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለ ኮድ የለም። ሁለቴ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ አንዴ ካለ 21 ነው፣ የኦክስጅን ሴንሰር መስመር። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የአየር መለኪያው፣ 41 የስሮትል ሴንሰር። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቶ የማይነበብ ከሆነ በግምት እንዳታገናኝ፣ ለኤሌክትሪሻን ስጠው።

አንድ ጋሼ፦ በድሮው ኤንፒአር (የኢሱዙ የጭነት መኪና) ናፍታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨውን የኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ ተራ በተራ እያላላሁ የማይሰራውን ሲሊንደር አገኝ ነበር፣ ልጄ በገዛው ኮመን ሬል (ኖዝሎቹን ኮምፒውተር የሚያዛቸው አዲሱ የናፍታ ሞተር) ላይም ልሞክረው ወይ ብለዋል።

ጋሼ፣ እባክዎ አይሞክሩት። ድሮ የሚያውቁት በሜካኒካል ፖምፓ ነው፣ የዚህኛው ግፊት ግን ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ናፍታው ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ሁሉ ይችላል፣ ነገር ግን እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ማንም ሰው እንዲህ ከደረሰበት እስኪያብጥ ሳይጠብቅ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድና ናፍታ በግፊት ገብቶብኛል ብሎ ይናገር። ሲሊንደሩን ደግሞ ማሽን ያለው ጋራዥ ቧንቧ ሳይፈታ ኖዝሎቹን ተራ በተራ እያጠፋ ይለይልዎታል። ይሄን በቤት ውስጥ አይደለም፣ ጋራዥ ብቻ።

ጠዋት ውርጭ ሲሆን ናፍታ መኪናዬ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ሚስም ታደርጋለች።

ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ግሎው ፕላጎቹን (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) አስለካ። ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አናትና በሞተሩ መካከል ያለው መዝጊያ) ሊሆን ስለሚችል ሳትነዳው አስመርምር።

ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ስለሚያንገራግር ከጣርማ በር በዜሮ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ወንድሜ፣ ተው! ነዳጅም አይቆጥብም፤ ኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ስታነሳ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፣ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ያ ቁልቁለት ደግሞ በፍሬን ብቻ የሚወረድ አይደለም፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይልሃል። በወጣህበት ከባድ ማርሽ ውረድ፣ ማንገራገሩን ደግሞ ከጉዞው በፊት ደብረ ብርሃን ላይ አሳይ፤ እስኪሰራ ድረስ ጭነት አትጫንበት።