ሥራ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ አባይ በረሃን ጠይቁት

ልጆቼ፣

የዕድሜዬን ብዙውን ክፍል ያሳለፍኩት ባሕር ዳር ነው፤ በፋብሪካ የግዥና የትራንስፖርት ሥራ። ማሽን መንካት የእኔ ፋንታ አልነበረም። ጥጥ በጊዜው ይደርሳል ወይ፣ መለዋወጫው ከየት ይምጣ፣ ጨርቁ በስንት ይጫን፤ ስሯሯጥ የኖርኩት በዚህ ነው። ስለዚህ ጎጃምን የማውቀው በመንገዱ በኩል ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ «እዚሁ አገራችን ላይ አንድ ነገር እናምርት» ስትሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ጨዋታው ግን ሁሌ በብድር ይጀመርና በብድር ያልቃል። መሬቱ ራሱ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እስኪ ካርታ ዘርጉ። አባይ ከጣና ይወጣና ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይዞራታል። ውሃና ለም አፈር አለን፤ መውጫው ግን ጥቂት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ምንም አይደል። እዚህ፣ አባይ በረሃ ላይ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አፋፍ ተነስቶ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ከፍታ መውረድ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት ነው።

የኤንትሬን፣ የድሮውን የፊያት ጭነት መኪና፣ ዘመን ያየ ያውቀዋል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፣ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ከኋላ ይከተላል። መኪናው ቆም ባለ ቁጥር ሮጦ ጎማው ሥር ይወትፋል። ራዲያተሩ ከፈላ ሁሉም ወርዶ ይጠብቃል። የዚያ ሁሉ ነዳጅ፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ሒሳብ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ጣቃው ላይ ነው። ገዢው መርካቶ ላይ «የጎጃሙ ለምን ተወደደ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በረሃው ውስጥ ነበር። ኋላ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ተከፈተ፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ቢሆንም ድልድይ ቁልቁለት አያነሳም። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱም ተጠግኖ ተጠግኖ አያልቅም።

ይህ ነገር የፋብሪካ ዘመን ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ባሶ ነበር፤ የጁቤ አካባቢ። ከአባይ ደቡብ ማዶ፣ ከእናርያና ከጉድሩ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ አባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ያሳዝናል፣ ሰውም ለሽያጭ ይመጣል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ዕቃው በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ንግዱ ይቆማል፣ ሲጎድል ይቀጥላል። ከዚያ የሸዋ ኃይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ተስፋፋ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ቡናው አባይን መሻገሩን ትቶ ወደ ባቡሩ ዞረ። ባሶ ምን አጠፋ? ምንም። ወንዙም ገበያውም ቦታቸው ላይ ናቸው። መንገዱ ብቻ ሌላ ቦታ ሄደ።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ነው። ለምን ባሕር ዳር? ሐይቁ አለ፣ ሜዳው አለ፣ ከሁሉ በላይ ግን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ራቅ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። በ1956 የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ፋብሪካ፣ ሙያተኛ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትና መብራት በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቦታ ተገናኙ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በአገራችን ብዙ አላየሁም። ከተማዋን ያቆመው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያኔ መብራት የሚገኘው ፏፏቴው አጠገብ ነበር። ፋብሪካ ኃይል ከፈለገ ወደ ውሃው መምጣት ግድ ነው። ኋላ ግን ሽቦው አገር አቋርጦ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ውሃው ከሐይቁ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ ወርዶ ተርባይን ይመታል፣ ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ አሁን ደግሞ መብራት ይዞ ይዞራል። ዛሬ ጣና ዳር ያለ ፋብሪካና ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ከአንድ ቋት ነው የሚቀዱት። መብራቱም ሲጠፋ እኩል ይጠፋል። የፏፏቴው ጉርብትና ዋጋ አጣ። ለእኛ የቀረልን ርቀቱ ነው፦ ጥጥ ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከአዋሽ፣ መለዋወጫ ከወደብ፣ ገዢ ከበረሃው ማዶ።

ሁሉን በመልክዓ ምድር አላሳብብም። ያረጀ ማሽን፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ ልባሽና ርካሽ የውጭ ጨርቅ፣ ደካማ አመራር፣ ሁሉም የየድርሻቸውን አዋጥተዋል። ግን ወደብ አጠገብ ያለ ፋብሪካ ደካማ አመራር ቢገጥመው ትንሽ ይንገዳገዳል። እኛ ጋ ማገገሚያ ትርፍ ስለሌለ ይወድቃል።

እንግዲህ ምን ይሠራ? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ እዚህ ተመርቶ ክብደቱ የሚቀንስ ነገር ሥሩ። ኑግ ስትጨምቁ ዘይቱ ሲሶ ቢሆን ነው፤ የቀረው ፋጉሎ ሆኖ እዚሁ ለከብት ይሸጣል። ስለዚህ ጭመቃው ገበሬው አጠገብ መሆኑ ያዋጣል። ድፍድፍ ዘይት ከጅቡቲ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ አጓጉዞ፣ ቡሬ ላይ አጣርቶ፣ መልሶ ወደ አዲስ አበባ ልኮ ማትረፍ ግን ከባድ ነው፤ በረሃውን ሁለቴ መክፈል ነውና። የቡሬን በርበሬ እዚሁ ቀንጥሶ፣ አድርቆና ፈጭቶ መላክም ከዚህ ሒሳብ ጋር ይሄዳል።

ይህን ሒሳብ ቀድመው የገባቸው የአዊ ገበሬዎች ናቸው። ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክለው ከሰል አክስለው አዲስ አበባ ድረስ ይጭናሉ። የእንጨቱ ክብደት አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ማንም አማካሪ አልነገራቸውም። (ጭሱን አወደስክ እንዳትሉኝ፤ ሒሳቡን ነው ያደነቅኩት።) በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን ዋግ መታው፤ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ የቆመ አካባቢ እንዴት እንደሚደነግጥ አያችሁ። ሁለተኛ ጥሬ ዕቃ ሳይዙ አንድ ማሽን ብቻ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው።

የጸጥታው ነገር ሆድ ይፍጀው። ይህን ብቻ ልበል፦ መውጫው ጥቂት የሆነ አገር አንዱ በር ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋበታል። መጋዘናችሁን ስትሠሩ ለአንድ ወር የሚበቃ ጥሬ ዕቃ የሚይዝ አድርጉት። ከተማ ያለ ነጋዴ ይህን ወጪ አያውቀውም፤ እናንተ ግን ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት።

የንግድ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ጭነት ከሚያገናኙ ደላሎች ጋር ሻይ ጠጡ። ወደ አዲስ አበባ የኩንታል ማጓጓዣ ስንት ነው? የሐምሌውን ለብቻ፣ የጥር ወሩን ለብቻ ጠይቁ። ከመኸር በኋላ እህል ስለሚወጣ መኪና ይወደዳል። ማዳበሪያ ከወደብ ሲገባ ግን ያራገፈው መኪና ባዶውን መመለስ ስለማይፈልግ በቅናሽ ይጭናል። ዕቃችሁ ሳይበላሽ እስከዚያ የሚቆይ ከሆነ ያን ጊዜ ጠብቃችሁ ጫኑ።